መልስ፦ ተማሪዎች ስልክ ላይ ያገኙትን ብቻ ሲገለብጡ

እህቴ፣ ጅማ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ መጀመርሽን ነግረሽን፣ ተማሪዎች ስልክ ላይ መጀመሪያ ያገኙትን እየገለበጡ ስላስቸገሩሽ ምን ላድርግ ብለሻል። እኔም እዚሁ ከተማ ያለሁ የሙያ ባልደረባሽ ነኝ።

ረጅም ገለጻ አትስጪ፤ የሚያከራክር ጥያቄ ስጪያቸው። እኔ የዓድዋ ጦርነት ዘመን መቼ ነው ብዬ ላክኋቸው። ግማሾቹ 1888፣ ግማሾቹ 1896 ብለው መጡና ተጨቃጨቁ። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው «ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ ጆሯቸው የገባው።

መደርደሪያውንም አስተምሪበት። ቡናን የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚደረድረው የዲዊ አመዳደብ ግን የቡና እርሻ 633.73፣ ቡናን በፋብሪካ ለመጠጥ ማዘጋጀት 663.93 ላይ ነው። ሁለቱንም ፈልገው ያምጡ፤ መልሱ ያለበትን ቦታ የሚወስነው ጥያቄው መሆኑን በእግራቸው ይማሩታል።

ለውሰት፣ ኮምፒውተር እስኪመጣ፣ በጥንቃቄ የተሰመረ መዝገብ ይበቃሻል። እባክሽ፣ እንዳይጠፉ ብለሽ መጻሕፍቱን ቁምሳጥን ውስጥ አትቆልፊባቸው።