ክረምት ሲገባ ለነጭ ዓሣ የወንዙን አፍ ልቀቁለት

በቀደም ባሕር ዳር ላይ አንድ ወጣት አስጋሪ፣ «ጋሼ፣ ሕግ ካለ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውን ለምን አያስሩትም?» ሲል ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መልሱን ለእሱም ለእናንተ ለወጣት አስጋሪዎችም እጽፋለሁ።

ሕግማ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ቆየ፤ 1995 ዓ.ም. ነው። ክልላችንም የራሱን አውጥቷል። ዓሣ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን ጥፋት መሆኑን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

የኔ ጉዳይ ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ ብዙ ዝርያ ነው። ከነዚህ ውስጥ ከ10 የሚበልጡት ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ወንዝ ይወጣሉ። በኛ በጎጃም በኩል መንገዳቸው ግልገል ዓባይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ታዲያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያወጣው እናቶቹን ነው።

የሚቆጨኝ ነገር የሆነው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣና ገብተዋል። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙም የማይርቀው አስጋሪ አሁን የፈለገበት ይደርሳል። አንድ ሐምሌ ላይ ግልገል ዓባይ ሐይቁ ከሚገባበት አጠገብ አስጋሪዎችን ሰብስበን ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠጋግተን ቆመናል። ብዙ አወራሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ አዛውንት የዕለቱን ዓሣ ከጆንያ አወጡና በቢላዋ ሆዷን ቀደዱት። ቢጫ እንቁላል እጃቸው ላይ ተዘረገፈ። ለኔ ሳይሆን ለጓደኞቻቸው አሳዩአቸው። «ይኸ እኮ ዘር መብላት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እኔ መናገር አላስፈለገኝም።

ራሳቸው ተነጋግረው ተስማሙ። እስከ መስቀል ድረስ ማንም ወንዙ አፍ ላይ መረብ አይጥልም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ እህል እስኪደርስ የሚበሉት እህል በብድር። ገና ሐምሌ ነው፣ ጎተራ ባዶ ነው። ጥያቄያቸውን ጽፌ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። «ለዚህ የተያዘ በጀት የለም» ተባልኩ። ደጋግሜ ተመላለስኩ፤ መልሱ ያው ነው። በሚቀጥለው ክረምት ስሄድ ወንዙ አፍ ከወትሮው በበለጠ በመረብ ታጥሯል። የአዛውንቱም መረብ አለበት። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቤቴ ሰው አለ» አሉኝ። እስካሁን ድረስ ይቆጨኛል። ያን ያህል ሰው በራሱ ፈቃድ ተስማምቶ ነበር እኮ!

በኋላ ተመራማሪዎች ለኩት። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው ያህል ጠፍቷል። ይህን የምነግራችሁ ዛሬ ሁሉ ነገር በእምቦጭ ስለሚሳበብ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ክፉ አረም ነው፣ ይነቀል። ነጭ ዓሣውን ያመናመነው ግን ከሱ በፊት የተዘረጋው መረብ ነው። ነጋዴውም አለበት። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደውን የዓሣ ቋንጣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ይገዛ ነበር። እዚህ ገበያ የማያነሳው ሁሉ ገዢ አገኘ።

እናንተ ትቸኩላላችሁ። በአንድ ክረምት ባጃጅ ልግዛ የሚል ልጅ አይቻለሁ። ግን ደግሞ እኛ በናንተ ዕድሜ «ሕግ የት አለ?» ብለን አልጠየቅንም።

እና ጥያቄህ፣ ማሰር። የራበውን አስጋሪ ማሰር አይጠቅምም። ያንን ቀጭን የፕላስቲክ መረብ አስገብቶ የሚቸረችረውን ነጋዴ ግን ይታሰር እላለሁ፤ እሱ አልራበውም። ያ መረብ ርካሽ ነው፣ ግን ከተቀደደ አይጠገንም። ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ባለቤት ሳይኖረውም ዓሣ ይገድላል። ጫጩቱንም አያልፍም። አትግዙት።

ማኅበራችሁ በዓቢይ ጾም ጥሩ ይሸጣል። ከዚያ ገንዘብ ላይ ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆን ጤፍና በቆሎ ዋጋው ሳይወደድ ግዙ። ቆጥራችሁ ለየቤቱ አከፋፍሉ። ከዚያ በኋላ የወንዙን አፍ እንልቀቅ ብላችሁ ስብሰባ ጥሩ፤ የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ። ቀበሌውንም ጥሩ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከሆነ እኔም እመጣለሁ፤ ደውሉልኝ።