ውሃ ኩለር ከመግዛትህ በፊት ባዮሱን ክፈት

ለሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን። «የኢንቴል 14900ኬ ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ገዛሁ፤ ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ 100 ዲግሪ ይገባና ይንቀራፈፋል፤ ባለ 360 ውሃ ኩለር ልግዛ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ውሃ ኩለር በፓምፕ ውሃ እያዞረ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ራዲያተር የሚወስድ ነው፤ ባለ 360 ማለት ራዲያተሩ ሦስት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የሚይዝ ነው።) ብዙ ሰው «ግዛ» ብሎሃል። እኔ ደግሞ ትንሽ ቆይ እልሃለሁ።

ደብረ ብርሃን የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። የኔ 13900ኬ ነው። ያንተ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ጠባያቸው አንድ ነው። ጥር ላይ ሰርጉ ተደራርቦ፣ ሙሽሮቹ «የት ደረሰ?» እያሉ ሲደውሉ ማሽን መጋሉ እንዴት እንደሚያናድድ አውቃለሁ።

1ኛ፦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ግባ። ለዚህ ፕሮሰሰር ኢንቴል ያስቀመጠው የኃይል ጣሪያ 253 ዋት ነው። ብዙ ማዘርቦርድ ግን ጣሪያውን አንስቶ ነው የሚመጣው። ገደቡ ያለበት ቦታ ላይ 4096 የሚል ቁጥር ካየህ የፈለገውን ያህል ይሳብ ተብሏል ማለት ነው። ልቅ ሲለቀቅ 300 ዋት ያልፋል። ያን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሲሊከን ነው። ውሃው የቱንም ያህል ቢበዛ ሙቀቱ ከዚያች ቦታ ቶሎ አይወጣለትም። 360 የገጠሙ ሰዎችም 100 የሚያዩት ለዚህ ነው። የረጅሙንም የአጭሩንም ጊዜ የኃይል ገደብ 253 ዋት አድርግ። እኔ ወደ 180 አውርጄዋለሁ። ሬንደሩ ትንሽ ረዘመ፤ ሙቀቱ ግን 80ዎቹ ውስጥ ገባ። ለዚህ አንድ ብር አላወጣሁም።

እግረ መንገድህን ባዮሱን አፕዴት አድርግ። 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የተጎዳውን አያድንም፣ ጤነኛውን ነው የሚጠብቀው። ካርቶንና ደረሰኝህን አትጣል። ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት እንዳትሞክረው። አፕዴቱ ግማሽ ላይ እያለ ከጠፋ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ከሌለህ ተዋስ።

2ኛ፦ ይህን ሁሉ አድርገህም ከጋለ ያኔ ግዛ። ግን ሲገጥሙልህ አጠገባቸው ቁም፤ ሻይ ልጠጣ ብለህ እንዳትወጣ።

እኔ ውሃ ኩለሬን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። «እኛ ካልገጠምነው ዋስትና የለውም» አሉኝና ገጠሙት። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ፓምፑ ጉርጉር ጉርጉር ይላል። ሙቀቱ ከድሮው ፋን ኩለር የባሰ ሆነ። ደወልኩ። «አየር ነው፣ ራሱ ይለቃል» አሉ። ጠበቅኩ፣ የሚለቅ ነገር የለም። ማሽኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ባንኮኒ ላይ ያለው ልጅ ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «ደብረ ብርሃን ብርድ አይደል እንዴ? ምን ውሃ ኩለር አስፈለጋችሁ፣ መስኮት ክፈቱ!» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም አብረው ሳቁ። ቀጥሎ ኃላፊ ነኝ ባይ መጣና «ማዘርቦርዱ ነው፣ መቀየር አለበት» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሁሉ የሚታለል ይመስላቸዋል።

ይዤው ተመለስኩና ራሴ ከፈትኩት። ራዲያተሩን ኬዙ ግርጌ ላይ ነው የገጠሙት! ከላይ ራሙ ቦታ ስለያዘባቸው ወደ ታች ወሰዱት። እንዲህ ያለ ዝግ ኩለር ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ አየር አለ። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ራዲያተሩ ከታች ከሆነ ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚገኘው ፓምፑ ነው፤ አየሩ እሱ ውስጥ ይሰበሰባል። ጉርጉሩ እሱ ነበር። ራዲያተሩን ኬዙ ፊት ላይ አቁሜ ገጠምኩት፤ አናቱ ከፓምፑ ከፍ አለ፣ ቱቦዎቹ በታች በኩል ሆኑ። ድምፁ ጠፋ። የፓምፑንም ገመድ የኬዝ ፋን ቦታ ሰክተውት ስለነበር በዝግታ ነበር የሚዞረው። ማዘርቦርዱ ላይ ለፓምፕ የተለየ መሰኪያ አለ፤ እዚያ ሰክተህ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዙር። ደውዬ ስነግራቸው «ስቲከሩን ቀደሃል፣ ዋስትናህ ወድቋል» አሉኝ። ይቀየር የተባለው ማዘርቦርድ እስከ ዛሬ ሰርግ እያወጣልኝ ነው።

ስለዚህ ስትቆም ይህን እይ። ራዲያተሩ የት ገባ? ፕሮሰሰሩ ላይ ከሚያርፈው መዳብ ላይ ስስ ፕላስቲኩ ተነሳ? ማሰሪያውስ የዚህ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ነው? ከ12ኛ ትውልድ ጀምሮ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት ከ75 ወደ 78 ሚሊሜትር ተቀይሯል። መደርደሪያ ላይ የቆየ ኩለር የድሮውን ማሰሪያ ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንደ ምንም አስገድደው ቢያስሩት እንኳ በደንብ አይነካም።

ያ ልጅ ስለ ብርድ ያለው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ሳስቷል፤ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ይቀላል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ውሃ ኩለርም መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚጥለው በፋንና በአየር ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በርን የሚወጣ አይሱዙ ራዲያተር እያለው የሚግለው ለምን ይመስልሃል? ጭነቱን ሳትቀንስ ራዲያተር ብቻ ብትጨምር ያው ነው።

አንተ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አየሩ ወፈር ይላል፣ ክፍሉ ግን ይግላል። የትኛውም ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች አያወርድም። የኔ ክፍል 18፣ ያንተ 32 ከሆነ ያ 14 ዲግሪ እንዳለ ፕሮሰሰሩ ላይ ይደመራል። ከባዱን ሬንደር ሌሊት አድርገው። አቧራውንም አትርሳ፤ የራዲያተሩ ክንፎች ከተደፈኑ ፋኑ ይጮሃል እንጂ አየር አያልፍም።

አንዱ ደግሞ «ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ይፈነዳብሃል» ብሎ ጽፏል። እኛ ጋ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ እውነት ነው። ግን 100 የሚደርሰው ሲሊከኑ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በደህና ጊዜ 40 ገደማ ነው። አያስፈራህ።

አሁን ብገዛ ምን እገዛ ነበር? ገደቡ 180 ላይ ከሆነ ባለ ሁለት ግንብ (ሁለት የብረት ክንፍ ክምር ያለው) ትልቁ ፋን ኩለር ይበቃል። ፓምፕ የለውም። ፋኑ ቢሞት ሌላ ትገዛለህ። የውሃው ፓምፕ ሲሞት ግን ሙሉውን ነው የምትጥለው። ውሃውም በቱቦው እየተነነ በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል፤ አብዛኞቹ ደግሞ መሙያ የላቸውም። 253 ላይ ቀኑን ሙሉ የምታሠራው ከሆነ ብቻ 360ውን ግዛ፤ ባለ ሁለት ፋኑ 240 ላይ ገንዘብህን አታባክን።

የማዘርቦርድህን ሞዴል እዚህ ጻፍልኝ፣ ገደቡ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ እነግርሃለሁ። የባዮሱን ፎቶ ስታነሳ ፍላሹን አጥፋው፣ ቁጥሩ አይነበብም።