ቅጠሉ ሳይረግፍ

ልጆቼ፣

ጨርቅ ላይ ጥለት ስነድፍ ወደ 40 ዓመት ሊሆነኝ ነው። «ሐሳብ ጠፋብኝ፣ እጄ አልሠራ አለኝ» የሚል ወጣት ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዛሬ እጅህ ምን ነካ?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ስልክ ነው።

አልፈርድባችሁም። ስልክ ላይ የሚያምር ሥራ ሞልቷል። ግን እዚያ የምታዩት ሌላ ሰው የጨረሰውን ነው። ያለቀ ሥራ ያስቀናል እንጂ እጅን አያስነሳም። እጅን የሚያስነሳው ገና ያልተሠራ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ቅጠል እንደሚረግፍበት ወቅት የሚመች ጊዜ አላውቅም።

አንድ የወደቀ ቅጠል አንሱና ወደ ብርሃን አቅርቡት። ጅማቶቹ አካባቢ ገና አረንጓዴ ነው። ወደ ዳር ሲሄድ ቢጫ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ይቀላል። ቢጫው አዲስ የመጣ አይደለም። ቅጠሉ ለምለም በነበረበት ጊዜ ሁሉ እዚያው ነበር፤ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ሸፍኖት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፣ ቢጫው ብቅ ይላል። ቀዩ ግን ሌላ ነው። እሱ በአብዛኛው የሚሠራው ያኔውኑ፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ነው። ፀሐያማ ቀንና ውርጭ ያልደረሰበት ቀዝቃዛ ሌሊት ሲፈራረቁ ይበልጥ ይደምቃል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የቀለም አመራረጤ ተለወጠ። ቢጫውን አስቀድሜ ከሥር አለብሳለሁ፣ አረንጓዴውን ከላይ። ከዚያ አረንጓዴውን እየቀነስኩ እሄዳለሁ። ቀዩን የማመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በጥቂቱ።

ቅጠሉን ማቆየት ከፈለጋችሁ በሁለት ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱን ቀይሩ፣ አለዚያ እርጥበቱ ያሻግተዋል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ቀለሙ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል፣ በተለይ ፀሐይ ካገኘው። ስለዚህ ዛሬ ያያችሁትን ቀይ ዛሬውኑ በውሃ ቀለም ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት። ነገ ሌላ ቀይ ነው።

እስከ 1856 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ዊልያም ፐርኪን የተባለ ወጣት በኬሚካል የተሠራውን ሐምራዊ ቀለም እስኪያገኝ፣ ሰው ልብሱን ያቀልም የነበረው ከዕፅዋት፣ ከነፍሳትና ከማዕድን ባገኘው ነገር ነበር። ፐርኪን ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የድሮውን መንገድ ለመሞከር የሽንኩርት ልጣጭ ይበቃችኋል። ልጣጩን ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ አጥልሉት። የሱፉን ክር አስቀድማችሁ አልም በሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ አሙቁት፤ ለ100 ግራም ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም አልም ይበቃል። ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከዚያ ክሩን በልጣጩ ውሃ ውስጥ ስታሞቁት ከወርቃማ እስከ ብርቱካናማ የሚሄድ ቀለም ታገኛላችሁ። ትንሽ የብረት ጨው ስትጨምሩበት ወደ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይዞራል።

አንድ ነገር አደራ። ክሩን የፈላ ውሃ ውስጥ አትክተቱት። እኔ የመጀመሪያውን ክሬን እንደዚያ አድርጌ ተኮማትሮ አንድ ላይ ተጣበቀብኝ፣ ሦስት ቀን አዝኜበታለሁ። ለብ ባለ ውሃ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አሙቁ፣ ስታቀዘቅዙም እንደዚያው።

አንዲ ጎልድስዎርዚ የሚባል እንግሊዛዊ ቀራፂ አለ። የወደቁ ቅጠሎችን በቀለማቸው ተራ ይደረድራል፣ ፎቶ ያነሳና እዚያው ለነፋሱ ይተዋቸዋል። መጀመሪያ ሳየው ልፋቱ አሳዘነኝ። በኋላ ግን ገባኝ፤ ስለማይቆይ ነው እጁ የማይፈራው። እናንተም የምትሠሩት ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሆን የለበትም። አሥር ቅጠል ከጥቁር እስከ ቢጫ ደርድሩና ተመልከቱት። ለእኔ ከአንድ ሳምንት የስልክ ፍለጋ ይልቅ ይህ ይሻለኛል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የጥድ ፍሬ አለ። ትናንት ከዝናብ ሳነሳው ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ደርቆ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ ተከፍተዋል፣ እየተጠማዘዙ ዙሪያውን ይወጣሉ። ለአዲስ ጥለት አስቤዋለሁ። እርሳሴን ልቅረጽ።