«እኔን ምን ብለው ይጠልፉኛል?»

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል። «ኮምፒውተሬን ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ጽሑፍ እጽፍበታለሁ፣ ልጆቼ ያጠኑበታል፣ ማታ ማታ ፊልም እናይበታለን። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምንም ሳልከፍትበት እንኳ ማራገቢያው ይጮኻል። ሰሞኑን ደግሞ ጓደኞቼ ከኢሜይሌ የማላውቀው ሊንክ እንደደረሳቸው እየደወሉ ይነግሩኛል። እኔ የላክሁት ነገር የለም። አንድ የሰፈር ልጅ ‹ሃከር ገብቶብዎታል› አለኝ። እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፣ ሀብታም አይደለሁም፣ በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ ሠርቼም አላውቅም። እኔን ምን ብለው ይጠልፉኛል? ምንስ ላድርግ?»

ልጁ ልክ ሳይሆን አይቀርም። የማራገቢያው ጩኸት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሌላ እጠረጥር ነበር። ሊንኩ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለያል። ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ። አሁኑኑ ግን ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁት። ገመድ ካለው ይንቀሉት፣ ዋይፋይ ከሆነ ያጥፉት። ቀሪውን በስልክዎ ያንብቡ።

«እኔ ጋ ምን አለና?» የሚለውን ጥያቄ ከስንቱ ሰው እንደሰማሁት። በቁም ነገር ነው የምመልሰው፤ ብዙ በር ክፍት የሚያድረው በዚህ አስተሳሰብ ነውና።

ማንም እርስዎን አልመረጠም። ስምዎን አይቶ «ዛሬ እሳቸው ቤት ልግባ» ያለ ሰው የለም። ፍለጋውን የሚሠራው ፕሮግራም ነው። በተለመደው አሠራር የኢንተርኔት አድራሻዎች ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ ሠርተው፣ በአንድ ተራ ሰርቨርና በፈጣን መስመር የዚህን ሁሉ አድራሻ አንድ አንድ በር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳዩ። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) እነሱ የሠሩት ለጥናት ነው። ጠላፊውም እንዲሁ እያንኳኳ ይሄዳል። የተከፈተለት ቤት ይገባል። የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም።

አንድ ጊዜ ለመማሪያ ብዬ ምንም ፋይል የሌለበት አሮጌ ኮምፒውተር ወሰድኩ። ከርቀት መግቢያውን ከፍቼ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ብዙም ሳይቆይ የመግቢያ መዝገቡ ይሞላ ጀመር። «አድሚን» ብሎ የሚሞክር፣ «ቴስት» ብሎ የሚሞክር፣ «ዩዘር» ብሎ የሚሞክር፣ ከዚህም ከዚያም አገር፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው። ያ ኮምፒውተር ባለቤት አልነበረውም። አድራሻ ነበረው፤ ለእነሱ ያ በቂ ነው።

ታዲያ ገብቶ ምን ያገኛል? ሰው ቶሎ የሚያስበው ገንዘብን ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው መስመርዎ ነው። የንግድ ድረ ገጾችና ባንኮች ከሰርቨር የሚመጣን እንግዳ ይጠረጥራሉ፤ ከመኖሪያ ቤት መስመር የሚመጣውን ግን እንደ ተራ ደንበኛ ያዩታል። ስለዚህ የቤት መስመር ራሱ ይሸጣል፣ ይከራያል። በ2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የሚባል መረብ መፍረሱን ሲያሳውቅ፣ ከ19 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች እንደነበሩበት ገልጿል። የብዙዎቹ ባለቤቶች ጥፋት ነጻ ቪፒኤን (መስመርን በሌላ ቦታ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ማውረዳቸው ብቻ ነበር። ቪፒኤኑ ይሠራ ነበር እኮ! ከጀርባ ግን መስመራቸውን ለአጭበርባሪ ያከራይ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ወንጀል ሲሠራ፣ መርማሪ ዱካውን ተከትሎ የሚደርሰው እርስዎ ደጅ ላይ ነው።

ከብዙ ቤት የተሰበሰበ መስመር ደግሞ መሣሪያ ይሆናል። በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም የቤት ራውተሮችንና የጥበቃ ካሜራዎችን ሰብስቧል። የገባው በተራቀቀ ዘዴ አይደለም። ፋብሪካው ያስቀመጣቸውን 60 ገደማ የተለመዱ የመግቢያ ስምና ፓስወርዶች ይዞ አንድ በአንድ ይሞክር ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 እነዚህ ዕቃዎች አንድ ላይ፣ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻቸው የሚመራውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲያጨናንቁ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የካሜራው ባለቤት ምንም አላየም። ካሜራው መቅረጹን አላቆመም።

አሁን ወደ እርስዎ ማራገቢያ ልመለስ። ሁለተኛው የሚፈለገው ነገር የኮምፒውተርዎ ጉልበት ነው። ሞኔሮ የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በተራ ፕሮሰሰር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል፣ ሊመረት ይችላል። ጠላፊው የእርስዎን ፕሮሰሰር ሌሊትና ቀን ያሠራዋል፣ ገንዘቡን እሱ ይወስዳል፣ የመብራቱን እርስዎ ይከፍላሉ። ከአንድ ቤት የሚያገኘው ኢምንት ነው። ከሺህ ቤት ሲሆን ግን ሥራውን ትቶ የሚኖርበት ገቢ ይሆናል።

ይህን ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ማራገቢያው ሲጮህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ቁጥር እያዩ በጆሮዎ ማራገቢያውን ያዳምጡ። ቁጥሩ ለቅጽበት 90 ፐርሰንት አካባቢ ታይቶ ወዲያው ወደ 5 ከወረደ፣ ጩኸቱም ቀስ እያለ ከበረደ፣ አይዝጉት፤ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ይዝጉት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና መጮህ ከጀመረ፣ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሲያዩት የሚደበቅ ነው ማለት ነው። አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራ እንዲያቆሙ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ጤነኛ ፕሮግራም ሲታይ አይደነግጥም። ዊንዶውስ ራሱን አፕዴት ሲያደርግም ማራገቢያው ሊጮህ ይችላል፤ ያኛው ግን ቢያዩትም ሥራውን ይቀጥላል። ሁሉም ሌባ አይደበቅም፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢቆይም ከላይ ያለውን ፕሮግራም ስም ይመዝግቡ።

ሦስተኛው ስምዎ ነው። ጓደኞችዎ ያንን ሊንክ ቢከፍቱት ከእርስዎ ስለመጣ ነው። ከማያውቁት ሰው ቢመጣ ያጠፉት ነበር። ኢሜይልዎ ደግሞ የሌላው ሁሉ ቁልፍ ነው። ፌስቡኩም ሱቁም «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል አዲሱን መግቢያ የሚልከው ወደ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የያዘ ቤቱን ያዘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንዴ ፓስወርድ አስገብተው ከገቡ በኋላ ብሮውዘሩ በየቀኑ እንደገና አይጠይቅዎትም። ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ይይዝልዎታል። በር ላይ ተፈትሸው ሲገቡ የሚሰጥዎት ባጅ ማለት ነው። ባጁን ያየ ጥበቃ ደግሞ አይፈትሽም። ፓስወርድ የሚሰርቁት ፕሮግራሞች ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ባጅ ገልብጠው ይወስዳሉ። በስልክ የሚመጣውን ኮድ ሳይጠየቅ ጠላፊው እርስዎን ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ስለ ፋይሎችዎም በአጭሩ። የልጆችዎ ፎቶ ለጠላፊው ምንም አያወጣም። ለእርስዎ ግን ያወጣል፤ እሱም የሚሸጥልዎት ያንኑ ነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ፋይሎችን ቆልፎ በየኮምፒውተሩ 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ሰው ሊከፍለው የሚችለው መጠን መሆኑን ያስተውሉ። ማይክሮሶፍት መከላከያውን በማርች፣ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አውጥቶት ነበር። አፕዴት ያላደረገ ነው የተያዘው።

እንዴት እንደገባብዎት ከዚህ ሆኜ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ግን ራስዎን ይጠይቁ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ጫኑ? ልጆቹስ? ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ላይ መልሱ ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ ለመጠቀም መቆለፊያውን የሚሰብር ፋይል ማለት ነው። የኦፊስ ወይም የጌም ክራክ፣ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ያለው። ሌባ ከመምጣቱ በፊት «ውሻውን እሰሩልኝ» ብሎ እንደመላክ ነው። ፋይሉ በፓስወርድ ተቆልፎ ፓስወርዱ አጠገቡ ተጽፎ ከመጣ ደግሞ የበለጠ ይጠርጥሩ። መቆለፉ አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደንግጦ እዚያው የተጠለፈው ኮምፒውተር ላይ ፓስወርዱን ይቀይራል። አዲሱን ፓስወርድ በእጁ ለጠላፊው አቀበለው ማለት ነው።

በስልክዎ ወይም በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር መጀመሪያ ኢሜይሉን ይክፈቱ። ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ሌላ ቦታ ተጠቅመውበት የማያውቁት ይሁን። ቀጥለው «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ። ያ ነው የተሰረቀውን ባጅ የሚሽረው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ይክፈቱ። ከዚያ ሁለት ቦታ ይመልከቱ፤ የመልሶ ማግኛ ስልኩና ኢሜይሉ የራስዎ መሆናቸውን፣ ኢሜይልዎን ወደ ሌላ አድራሻ ፎርዋርድ የሚያደርግ ትእዛዝ አለመኖሩን። ጠላፊው ይህን ትቶ ከሄደ፣ ፓስወርድ ቢቀይሩም ደብዳቤዎን ማንበቡን ይቀጥላል። ኢሜይሉ ካለቀ በኋላ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም እያሉ ይቀጥሉ። ለጓደኞችዎም ይደውሉ። ሊንኩን የከፈተ ካለ እሱም ይህንኑ ያድርግ።

አሁን ኮምፒውተሩ። ሰነዶችንና ፎቶዎችን ብቻ ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ይገልብጡ። ያወረዷቸውን የመጫኛ ፋይሎች አብረው አይውሰዱ። ከዚያ ፎርማት አድርገው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጫኑ። መጫኛ ፍላሹን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርደው ያዘጋጁ። «በአንቲቫይረስ ስካን ማድረግ አይበቃም?» የሚሉኝ አሉ። አንዳንዴ ይበቃል። ግን አንዱን አግኝቶ ሌላውን ሊስተው ይችላል፤ እኔ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ስካን ብቻ አድርጌ አልተኛም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ይሥሩት።

የነበረዎት ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ 11ን ይጫኑ። አፕዴቱ በራሱ እንዲሠራ ይተውት። ለልጆቹ የአድሚን ሥልጣን የሌለው የራሳቸው አካውንት ይክፈቱላቸው፤ ክራክ ልጫን ሲል የእርስዎን ፓስወርድ ይጠይቃል። የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ ይቀይሩ። ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ እንደመጣ ይቀመጣል። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚያስችለው አማራጭ ክፍት ከሆነም ይዝጉት። ፎቶዎቹን የገለበጡበትን ሀርድ ዲስክ ሥራው እንዳለቀ ነቅለው ያስቀምጡ። ተሰክቶ የሚኖር ባክአፕ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ሁሉንም ጨርሰው፣ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አፕዴቱም አልቆ፣ ማራገቢያው አሁንም ከጮኸ፣ ከዚያ በኋላ የምጠረጥረው አቧራ ነው። የጀርባውን መተንፈሻ ያስጠርጉና ውጤቱን ይጻፉልኝ።