ምልክቱ ምን ይመሰክራል? ስለ ሞባይል ስልክ የሞገድ ረብሻና ደኅንነት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ስልኮችንና ቻርጀሮችን በሚፈትሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ስለ ሞገድ ረብሻና ስለ ደኅንነት መስፈርቶች የምትጠይቁኝን በአቅሜ እመልሳለሁ። ሆኖም የስልኩን ሞዴል፣ የቻርጀሩን ዓይነትና ችግሩ የሚታይበትን ሁኔታ ሳትገልጹ አትጠይቁ። አንድ ማሳሰቢያም አስቀድሜ ልስጥ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ፦ በዕቃ ጀርባ ላይ የታተመ ምልክት ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው መዝገቡ ነው።

ማዕበል፦ ስልኬን ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሳስቀምጠው ጥሪ ሊገባ ሲል ማጉያው “ትርትር፣ ትርትር” ይላል። ስልኩ ከተፈቀደው በላይ እያስተላለፈ ይሆን?

መላሽ፦ አይደለም። ይህ የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ጠባይ ነው። በዚያ ኔትወርክ ስልክዎ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም፤ ከስምንት የጊዜ ክፍልፋዮች አንዷ ብቻ ትደርሰዋለች፤ ተራው በየ4.615 ሚሊሰከንዱ ስለሚመለስም በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይበራል፣ ይጠፋል። ሞገዱ ራሱ በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ለጆሮ አይሰማም። ነገር ግን የማጉያው ገመድ እንደ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል፤ በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ደግሞ ፈጣኑን ሞገድ አስወግደው የስልኩን የመብራትና የመጥፋት ምት ብቻ ያስቀራሉ፤ 217 ኸርዝ እንግዲህ ጆሮ በሚገባ የሚለየው ድምፅ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ማስተላለፍ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ድክመቱ ረብሻን የመቋቋም አቅም ሳይኖረው የተሠራው የማጉያው ነው። ስልኩን ፈቀቅ ያድርጉት፤ ገመዱን ያሳጥሩት፤ ወይም የፌራይት ቀለበት (የሞገድ ረብሻን የሚያፍን መግነጢሳዊ ቀለበት) ያጥልቁበት። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የስልኩ ከፍተኛ ኃይል 0.2 ዋት ገደማ ስለሆነና አበራሩም የተለየ ስለሆነ ይህ ድምፅ እምብዛም አያጋጥምም።

ጠያቂ 7፦ ስልኬ ደኅና ነው ወይ?

መላሽ፦ የትኛው ስልክ? ከምን አንጻር? የመግቢያውን ማሳሰቢያ እንደገና ያንብቡ።

ንጋት፦ ሁለት ስልኮች አማርጬ ልገዛ ነው። የአንዱ ኤስ.ኤ.አር. 0.6፣ የሌላው 1.2 ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው በግማሽ የተሻለ ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ አያስብልም። (በነገራችን ላይ ቃሉን “ሳር” ብለው የሚያሳጥሩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፤ አንድ ጊዜ በሪፖርት ላይ “የስልኩ ሳር ከፍተኛ ነው” የሚል አንብቤ ስለ መስክ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።) ይህ ቁጥር አንድ ኪሎግራም የሰውነት ሕብረ ሕዋስ ከሞገዱ የሚቀበለውን ኃይል በዋት ይገልጻል። የአሜሪካው ገደብ በ1 ግራም ሕብረ ሕዋስ አማካይ 1.6 ሲሆን፣ የአውሮፓው ለራስና ለደረት በ10 ግራም አማካይ 2 ነው። አማካዩ የሚወሰድበት መጠን ስለሚለያይ፣ በአንዱ መንገድ የተለካን ቁጥር በሌላው ከተለካ ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ የሚመዘገበው ቁጥር ስልኩ በከፍተኛ ኃይሉ ሲያስተላልፍ በላቦራቶሪ የተገኘው ትልቁ ልኬት ነው። በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ግን ስልኩ ከኔትወርክ ምሰሶው ጋር እየተነጋገረ ኃይሉን ያስተካክላል፤ ምሰሶው ሲቀርብ ይቀንሳል፣ ሲርቅ ይጨምራል። ስለዚህ 1.2 የተመዘገበለት ስልክ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት፣ 0.6 ከተመዘገበለትና ኔትወርክ ከሚያጣው ስልክ ያነሰ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ርቀቱንም አትርሱ። ከሰውነት አጠገብ የሚደረገው ልኬት የሚወሰደው በተወሰነ ርቀት ሲሆን፣ በአሁኑ የአውሮፓ አሠራር ርቀቱ ከ5 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ቀድሞ ግን 15 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይፈቀድ ነበር። ለእጅና ለእግር ደግሞ ገደቡ 4 ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፈረንሳይ የፍሪኩዌንሲ ተቆጣጣሪ በአይፎን 12 ላይ 5.74 ለክቶ ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ፤ አምራቹም በሶፍትዌር ማሻሻያ ኃይሉን ዝቅ አደረገ። ከዚህ የምንረዳው፣ ተስማሚነት ለአንድ ናሙና በአንድ ሁኔታና በአንድ የሶፍትዌር ስሪት የተሰጠ ምስክርነት እንጂ ለዘላለም የተሰጠ ቃል ኪዳን አለመሆኑን ነው።

ጥላ፦ ስልክ ካንሰር ያመጣል?

መላሽ፦ እኔ ለኪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን “ምናልባት ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል” በሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ ይህም ማስረጃው ውስን ነው ማለት እንጂ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። የስልክ ሞገድ የኬሚካል ትስስርን ለመስበር የሚያስችል ጉልበት የለውም። ወደሚቀጥለው።

ወንዝ፦ ስልኬ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስነካው ስክሪኑ ያልነካሁትን ይከፍታል፤ የብረት አካሉም ጣቴን ይነዝረኛል። ቻርጀሩ ከስልኩ ጋር የመጣው አይደለም።

መላሽ፦ እንደዚህ ነው የሚጠየቀው! ከስልክ ይልቅ ቻርጀር የሚያስጨንቀኝ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ቻርጀር ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ያሳልፈዋል። ይህ መቆራረጥ የሚፈጥረው ረብሻ ወደ ስልኩ እንዳይሄድ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቮልቴጅ ወገኖች መካከል አንድ ልዩ የደኅንነት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ይደረጋል። እርሱም በተፈጥሮው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ጣትዎን የነዘረው ይኸው ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ገደብ 0.25 ሚሊአምፔር ስለሆነ በዚያ መጠን ስሜቱ ደስ ባይልም አይጎዳም። ስክሪኑ የሚዘባርቀው ደግሞ ጣትን የሚያውቀው እጅግ ጥቃቅን የሆነ የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት በመሆኑ ነው፤ ያልተጣራ የቻርጀር ረብሻ ሲደርሰው የሌለ ጣት ያያል። ያው ረብሻ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በመብራት ገመድ ላይ ስለሚጓዝ፣ አጠገብ ያለ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮም ያንጫርራል። ቻርጀሩን ሰክተውና ነቅለው ሬዲዮውን ያዳምጡ፤ ከዚህ የረከሰ መፈተሻ የለም።

የሚያስፈራው ግን ረብሻው አይደለም። ብዙ አስመስሎ የተሠሩ ቻርጀሮችን ከፍቻለሁ። በሁለቱ ወገኖች መካከል አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ መሆን የሚገባው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር በታች ሆኖ አግኝቻለሁ፤ በደኅንነት ካፓሲተሩ ቦታም ተራ ካፓሲተር ተበይዶ አይቻለሁ። ተራው ሲበላሽ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ስልኩንና የያዘውን እጅ ያገኛል። የማጣሪያ ክፍሎችን ለመቆጠብ የደፈረ ሠሪ በመከላከያ ክፍተቱም ላይ ስለሚቆጥብ፣ የስክሪን መዘባረቅን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰዱት። ይህን ቻርጀር ለጊዜው አይጠቀሙበት።

ወንዝ፦ ነገር ግን የአውሮፓን መስፈርት ያሟላል የሚለው የሲ.ኢ. ምልክት አለው።

ብራና፦ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ “ቻይና ኤክስፖርት” ማለት ነው፤ የተፈቀደ ሌላ ምልክት ነው።

ማዕበል፦ ይህ የቆየ አሉባልታ ነው። እንዲህ የሚባል የተመዘገበ ምልክት የለም።

ብራና፦ ታዲያ ክፍተቱ ለምን ይለያያል?

ማዕበል፦ ያተመው ሰው ስላልተጠነቀቀ ነዋ! ወይስ አጭበርባሪ ሁሉ ማስመሪያ ይዞ የሚሠራ ይመስልዎታል?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ማዕበል ትክክል ናቸው፤ ክርክሩ ግን አይጠቅምም፤ አስመሳዩ ፊደላቱን አስተካክሎ ማተም አያቅተውም። ሲ.ኢ. በአብዛኛው አምራቹ ራሱ የሚሰጠው መግለጫ ነው። እንደገና ልበል፦ ምልክቱን ሳይሆን መዝገቡን ተመልከቱ። ስልክ ከሆነ የኤፍ.ሲ.ሲ. (የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ) መለያ ቁጥሩን ወስዳችሁ ለሁሉም ክፍት በሆነው መዝገብ ብትፈልጉ የፈተናውን ሪፖርት፣ ብዙ ጊዜም የውስጡን ፎቶግራፍ ታገኛላችሁ። ተራ ቻርጀር ግን ሬዲዮ ስላልሆነ ይህ መለያ የለውም፤ ለእርሱ የደኅንነት ፈታኝ ድርጅት የሰጠውን የፋይል ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ፈልጉ።

ኮከብ፦ በአውሮፕላን ውስጥ ስልክ ማጥፋት ከንቱ ሕግ አይደለም? ቢያስወድቅ ኖሮ ይዘን እንድንገባ ባልተፈቀደ ነበር።

ብራና፦ በጣም ትክክል፤ አንድም የወደቀ አላየንም።

መላሽ፦ አለመውደቁ መስፈርቱ አላስፈለገም አያሰኝም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለው ክልከላ በዋናነት የምድሩን ኔትወርክ ለመጠበቅ ነው፤ ከሰማይ የሚያስተላልፍ ስልክ ብዙ ምሰሶዎችን በአንድ ጊዜ ይረብሻል። የከፍታ መለኪያ ራዳር በ4.2 እና በ4.4 ጊጋኸርዝ መካከል ይሠራል፤ በአሜሪካ አምስተኛው ትውልድ ከ3.7 እስከ 3.98 ሲገባ የተነሳው ጭንቀትም ከዚህ የመጣ ነው። የበረራ ሠራተኞቹ የሚሉትን ያድርጉ።

ጥላ፦ ጨረር የሚከላከል ተለጣፊ ብለጥፍስ? ማታስ ከራስጌዬ ባስቀምጠው ካንሰር…

መላሽ፦ ስለ ካንሰር ከላይ ተመልሷል። ተለጣፊው አንቴናውን ከጋረደ ስልኩ ኃይሉን እንዲጨምር ያስገድደዋል፤ ካልጋረደ ደግሞ ምንም አይሠራም። ከትራስ ሥር አታስቀምጡ፤ ምክንያቱ ግን ጨረር ሳይሆን በሊትየም ባትሪ ላይ የሚከማቸው ሙቀት ነው።

ርግብ፦ አባቴ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ተገጥሞላቸዋል።

መላሽ፦ የተለመደው ምክር 15 ሴንቲሜትር ማራቅ፣ በደረት ኪስ አለመያዝና መሣሪያው ከተገጠመበት ጎን በተቃራኒው ባለው ጆሮ ማነጋገር ነው። በጀርባቸው ማግኔት ያላቸው ስልኮችና ሽፋኖች ሲጠጉ የመሣሪያውን አሠራር ሊቀይሩ ስለሚችሉ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቀሪውን የገጠሙላቸውን ሐኪም ይጠይቁ።

ንጋት፦ ኔትወርክ ስለሚደክምብኝ ማጠናከሪያ ልግጠም?

መላሽ፦ ያለ ኦፕሬተሩ ፈቃድ አይግጠሙ። የውጭውና የውስጡ አንቴና በበቂ ካልተራራቁ መሣሪያው የራሱን ድምፅ እየሰማ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ልክ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ እንደሚያፏጨው። ያን ጊዜ ምሰሶው የሌሎችን ስልኮች መስማት ይሳነዋል፤ እርስዎም ጎረቤትዎን ኔትወርክ አሳጡ ማለት ነው።

ወንዝ፦ የቻርጀሩን የፋይል ቁጥር በፈታኙ መዝገብ ፈለግሁት። የተመዘገበው የፀጉር ማድረቂያ ለሚሠራ ፋብሪካ ነው።

መላሽ፦ ይንቀሉት። ለሌላ ሰውም አይስጡት።