ኮማውን ያስገባችው ልጅ ጥፋት አልነበረባትም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር «ጃቫስክሪፕት ላይ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለመቀየር ፓርስኢንት ይሻላል ወይስ ነምበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም በጃቫስክሪፕት፣ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይሩ ትዕዛዞች (parseInt እና Number) ናቸው። መልሱ ሁለት መስመር ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራ አለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለአንድ መጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሰው ፎርሙ ላይ ብዛቱን ይሞላል፣ የእኔ ኮድ በፓርስኢንት ወደ ቁጥር ቀይሮ ያስቀምጣል። ከፎርም የሚመጣ ሁሉ ጽሑፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ያላወቅኩት ፓርስኢንት ከግራ ጀምሮ አሃዝ በተከታታይ እያገኘ እስከሄደ ድረስ ብቻ እንደሚያነብ ነው። ሌላ ምልክት ሲገጥመው እዚያው ይቆምና እስከዚያ ያነበበውን ይሰጣል። ምንም አይናገርም።

መረጃ የምታስገባው ልጅ ጠንቃቃ ነበረች። ወረቀቱ ላይ 1,200 የሚል ካለ ኮማውን ሳትዘል 1,200 ብላ ትጽፋለች። ኮዴ ኮማው ጋ ሲደርስ ቆመና 1 ብሎ መዘገበ። 3,450 ደግሞ 3 ሆነ። ከሺህ በታች ያሉት በትክክል ይገቡ ስለነበር ወር ሙሉ ማንም አልጠረጠረም።

ቆጠራ ሲደረግ መጋዘኑና መዝገቡ አልገናኝ አሉ። አለቃችን ሰበሰበን። እኔ ኮዴን ከፍቼ እንኳ ሳላይ «ፕሮግራሙ የገባለትን ነው የሚያስቀምጠው» አልኩ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «እንደ ወረቀቱ ነው ያስገባሁት» አለች፣ ድምጿ እየቀነሰ። ሁሉንም እንደገና እንድታስገባ ተወሰነ፤ ሁለት ሳምንት አመሸች። በሦስተኛው ቀን ማታ ብቻዬን ሆኜ 1,200 ብዬ ሞከርኩት። ስክሪኑ ላይ 1 መጣ። ኮማውን የሚያጠፋ አንድ መስመር ጨመርኩና ዝም አልኩ። በማግስቱ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀት ስትገልጥ እያየሁ ዝም አልኩ። ከወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀች። አልነገርኳትም።

ያ አንድ መስመር ራሱ ልክ አልነበረም። በአስርዮሽ ነጥብ ቦታ ኮማ የሚጽፉ አገሮች አሉ፤ የእነሱ 1,5 በእኔ ኮድ 15 ይሆናል።

በዚያው ዘመን 08 ሲሰጠው 0 የሚመልስ ፓርስኢንትም ነበር፤ በዜሮ የሚጀምረውን በስምንት መሠረት የተጻፈ ቁጥር ያደርገዋል። በስምንት መሠረት ደግሞ 8 እና 9 የሚባሉ አሃዞች የሉም፤ ስለዚህ ወር 07 ይሠራል፣ 08 እና 09 ይጠፋሉ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤክማስክሪፕት 5 የሚባለው የጃቫስክሪፕት ደረጃ መግለጫ ነው ያስተካከለው።

ነምበር ቢሆን ኖሮ 1,200ን ናን (NaN) ይለው ነበር፣ ቁጥር አይደለም ማለቱ ነው። ፓይተን በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኢንት ደግሞ ቫልዩኤረር የሚል ስህተት አውጥቶ ያቆማችኋል። እኔ የሚጮህ ስህተት እወዳለሁ። ነምበርም ግን ሁሌ አይጮህም፤ ባዶ ጽሑፍ ስትሰጡት 0 ይላል። ያልተቆጠረ ዕቃና ያለቀ ዕቃ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ደግሞ ፓርስኢንትን ጣሉት እያልኩ አይደለም፤ ከቁጥሩ ኋላ መለኪያ የተለጠፈበት ጽሑፍ ሲመጣልኝ ዛሬም እጠቀምበታለሁ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ በጣም ትፈጥናላችሁ፣ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ኮዱን ከማሽን ተቀብላችሁ 5 ብላችሁ ትሞክሩና «ሠራ» ብላችሁ መሄዳችሁ ነው። 5 ሁሌም ይሠራል። የእኔም ላይ ሠርቷል። ባዶ አስገቡበት፣ ኮማ አስገቡበት፣ መሃሉ ላይ ፊደል ሰንቅሩበት።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ነምበርን ተጠቀም፣ ባዶውን ግን ቀድመህ ለይ። ውጤቱ ናን ከሆነ አታስቀምጠው፤ የፎርሙን የትኛውን ሳጥን ለምን እንዳልተቀበልክ እዚያው ላስገባው ሰው ንገረው።