ሚዛኑ ቆመብኝ፣ እናቴ ደግሞ «ምን አግኝቶሽ ነው?» ትለኛለች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ናቸው። የተጻፉት ከሦስት አገር ነው። ሦስቱም ላይ «እባክሽ ስሜን እንዳታወጪው» የሚል አለ። አላወጣም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ራሴም ስሊቭ የሚባለውን፣ ማለትም አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣውን፣ ተሠርቻለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ግማሹ ከሥራዬ፣ ግማሹ ካሳለፍኩት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ የሞተው በስኳር በሽታ ነው፤ እኔንም «እየጀመረሽ ነው» ሲሉኝ ፈርቼ ስሊቭ ተሠራሁ። አሁን 5 ወር ሆነኝ። ስገባ 266 ፓውንድ ነበርኩ፣ አሁን 214 ነኝ። ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ጸጉሬ ሳበጥረው በእፍኝ ነው የሚወጣው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ ኦፕሬሽኑን አልነገርኳትም። «ምን አግኝቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» እያለች ታለቅሳለች። ቤተ ክርስቲያንም ሰው መንሾካሾክ ጀምሯል። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው፣ መጾም እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ምነው ባልገባሁበት እላለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አብረን እንየው። 52 ፓውንድ ቀንሰሻል። ከነበርሽበት ክብደት ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ነው፣ ያውም በ5 ወር። ስሊቭ የተሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ውስጥ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ኋላ አልቀረሽም። መንገዱ ላይ ነሽ።

ሚዛን መቆሙ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ የሚወርደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ውሃም አለበት። ከዚያ ሰውነት በትንሽ ምግብ መኖርን ይለምድና ወጪውን ይቆጥባል፣ ደሞዝ እንደቀነሰበት ቤተሰብ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይቆምና እንደገና ይወርዳል። እኔ በአራተኛው ወር 26 ቀን ቆሞብኝ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ስመዘን ያየ ባለቤቴ ሚዛኑን አንስቶ መኪናው ኋላ ውስጥ ቆለፈበት። በዚያው ሰሞን ቀበቶዬ ላይ በጥፍር መቁረጫ አዲስ ቀዳዳ በስቼ ነበር፤ ሰውነቴ እየቀነሰ እንደሆነ ግን ልብ አላልኩትም። አንቺም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘኚ፣ ወገብሽን በሜትር ለኪ። በዚህ ሰሞን ምግብ ቀንሼ ላስደንግጠው እንዳትዪ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ካልገባልሽ ሰውነትሽ የሚበላው ጡንቻሽን ነው። በእግር መሄዱ ላይ ቀለል ያለ ክብደት ማንሳት ብትጨምሪበት ጡንቻሽን ያቆይልሻል።

ጸጉርሽ ይመለሳል። ሰውነት እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲገጥመው ብዙ ጸጉር በአንድ ጊዜ ማደጉን ያቆምና ከ3 ወር ግድም በኋላ ይረግፋል፤ ሥሩ ግን አልሞተም። አብዛኞቻችን ላይ ዓመት ሳይሞላ አዲሱ ግንባር ላይ ችምችም ብሎ ይወጣል። ከዚያ በላይ ከቆየ የብረት ክምችትሽንና ዚንክሽን ተመርመሪ። ሰው ሁሉ ባዮቲን ዋጪ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ብዙ መጠን ያለው ባዮቲን የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል፣ ስለዚህ የምትወስጂ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪምሽ ተናገሪ። እኛ ሐበሾች የምንሳሳተው ሌላም ነገር አለ፦ የብረት እንክብሉን ከቡና ጋር መዋጥ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ካልሲየምም እንደዚያው ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይለፍ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ወፍራም ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፣ የከሳ ሰው ደግሞ «ምን አግኝቶት ነው» ይባላል። ይህ ከክፋት አይደለም። የእናትሽ ትውልድ ሰው በኤች አይ ቪ እየከሳ፣ ልብሱ እየሰፋበት፣ ከዚያም ሲቀበር አይቷል። እናትሽ ጉንጭሽን ስታይ የሚመጣባት ያ ነው። አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር እሷ ሌሊት ሌሊት የምታስበው ከእውነቱ የባሰውን ነው።

እኔም ደብቄ ነበር። በተሠራሁ በሰባተኛው ሳምንት ፋሲካ ሆነና አክስቴ ቤት ሄድን። ትሪው ቀረበ። አክስቴ ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልላ «በሞቴ» አለችኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ፣ ጎረስኩ። አላምጬ ሳልጨርስ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጨመረችልኝ። ደቂቃ አልሞላም፣ ደረቴ መሃል ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ጭንቅ አለኝ፤ አፌ አረፋ በመሰለ ምራቅ ተሞላ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አስመለስኩ። ስወጣ አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ እጇ ላይ ወጡ እንዳለ ነው። «ልጄ፣ እርጉዝ ነሽ ወይስ ታመሻል?» አለችኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነገርኳት። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። በነጋታው ደውላ «ስንት ማንኪያ ነው የምትበይው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቷ ስሄድ ድርሻዬን በስኒ ማስቀመጫ ታቀርብልኛለች፦ ግማሽ እንቁላል፣ ከአጥንቱ ተለይቶ በጣት የተፈተፈተ ሥጋ፣ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ አይብ። ማንም እንዲያጎርሰኝ አትፈቅድም።

ስለዚህ ለእናትሽ ንገሪያት። በአባትሽ ጀምሪ። «እማዬ፣ አባባን የወሰደው ስኳር እኔንም ጀምሮኝ ነበር፤ እንዳይወስደኝ ታክሜ ነው» በያት። ጨጓራሽ ተቆረጠ ስትባል መደንገጧ አይቀርም፤ «ሰው ያለ ጨጓራ ይኖራል ወይ?» ትልሻለች። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ቢወጣም ሙዝ የሚያህል ቀርቶልሻል፣ ምግብም በዚያው በድሮው መንገዱ ነው የሚሄደው። የምርመራ ውጤትሽን፣ የስኳርሽን ቁጥር የድሮውንና የአሁኑን አሳያት። ከዚያ ሥራ ስጫት። እናት የሚያንገበግባት ልጇ ፊት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። ምስሩን ለስለስ አድርጋ ትሥራልሽ፣ ሥጋውን ትፈትፍትልሽ። መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ ብዪ፤ እንጀራው ከተረፈ ቦታ ላይ ይሁን፣ እንጀራና ዳቦ ብዙዎቻችን ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራልና። ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጪ፣ ከበላሽ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዪ።

ለቤተ ክርስቲያኑ ሹክሹክታ ግን መልስ የለብሽም። ለሚወድሽ ሰው መንገር አንድ ነገር ነው፣ ለሁሉም ማስረዳት ሌላ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ዘንድሮ ባትጾሚ ደስ ይለኛል፣ ግን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመና ለሚታከም ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። ሳትነግሪያቸው ግን ራስሽን አትጉጂ። ሂሳቡን ላሳይሽ። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ያንን ደግሞ በአንድ ጊዜ መጨረስሽን እንጃ። የአኩሪ አተር ወተት በኩባያ 7 ወይም 8 ግራም፣ የለውዝ ቅቤ በሾርባ ማንኪያ ወደ 4 ግራም። በዚህ ብቻ 60 መድረስ ከባድ ነው፤ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ካልጨመርሽ አይሞላም። 55 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ስትርቂ ቢ12ም በአብዛኛው የሚገባልሽ ከእንክብል ወይም ከመርፌ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈራልሽ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትጠጪ መዋሉን ነው። በዚህች ጨጓራ የቀረውን ውሃ ማታ ላይ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ አይቻልም፤ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ ካልሆነ 1.5 ሊትር አይገባም።

«ምነው ባልገባሁበት» ያልሽውን ደግሞ አልናቅኩትም። ምግብ መጽናኛችን ነበር፤ እሱ ሲወሰድ የሚመጣ ሐዘን አለ። ሳምንታት አልፈውም ካልለቀቀሽ ለሐኪምሽ እሱንም ተናገሪ፣ እንደ ጸጉርሽ ሁሉ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ 54 ነው። ከ3 ዓመት በፊት ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን) ተሠርቼ ከ142 ኪሎ 92 ደርሼ ነበር። አሁን 101 ነኝ። አፍሬ ሐኪሜ ጋ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጣፋጭ ስበላ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል። ሰርግና ለቅሶ ስለማይጠፋ ቢራም አረቄም እቀምሳለሁ፣ ቶሎ ይይዘኛል። ለጉልበቴ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። ቪታሚኑን ትቼዋለሁ። ሰሞኑን የእግር ጣቶቼ ይደነዝዙኛል። ሁሉንም ያበላሸሁት ይመስለኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም። ባይፓስ የተሠራ ሰው ቪታሚን ትቶ ጣቶቹ ሲደነዝዙ የቢ12፣ የቢ1 ወይም የመዳብ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ሲቆይ ነርቩ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሄደው ደም ይስጡ። የሚያስመልስዎ ነገር ካለ፣ ወይም ሲራመዱ የሚያንገዳግድዎት፣ ዓይንዎን የሚያደናግርዎት ከሆነ ሳምንትም አይጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡና «ባይፓስ ተሠርቻለሁ» ይበሏቸው። አይቡፕሮፌኑን ያቁሙት። ከባይፓስ በኋላ ጨጓራው ከአንጀት ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣል፣ ቁስሉም ሊደማ ይችላል። ለጉልበትዎ ሌላ ማስታገሻ አለ፣ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ኪሎውን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ምንም አላበላሹም። ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረ ትልቅ ጥናት አለ፤ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ነው። እዚያ ባይፓስ የተሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካይ ወደ 32 በመቶ ቀንሰው ነበር፤ 10 ዓመት ላይ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ማለትም የተወሰነው ይመለሳል፣ አማካዩ ሰው ላይ ይመለሳል። እርስዎ ዛሬም ከመነሻዎ 41 ኪሎ በታች ነዎት፤ ያ ወደ 29 በመቶ ነው። ይህን ይዞ ሐኪም ፊት መቆም የሚያሳፍር አይደለም። ዛሬ ለተመለሰ ክብደት ሐኪሞች የሚያዙት እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መርፌም አለ፤ ሐኪም ቤት ካልሄዱ ግን ይህን የሚነግርዎት የለም።

የልብ ምቱና ላቡ ዳምፒንግ ይባላል። ስኳሩ ከትንሿ ጨጓራ ቶሎ አልፎ አንጀት ውስጥ ሲወድቅ የሚመጣ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት በኋላ ስኳር ወርዶ ያንቀጠቅጣል። ሻዩን ያለ ስኳር ይልመዱ፣ ፕሮቲኑን ያስቀድሙ።

መጠጡን ግን እለምንዎታለሁ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፣ መጠኑም ከፍ ይላል፤ ድሮ በሦስት ብርጭቆ የሚመጣው አሁን በአንዱ ይመጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጠጥ አያውቁ የነበሩ ሰዎች በኋላ ሱስ ሲይዛቸው በሥራዬ አይቻለሁ፣ ሁለቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የተንከባከብኳቸው። ለቅሶ ቤት ብርጭቆ ሲቀርብልዎት «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ። ይህን ያለ ሰው ማንም አያስጨንቀውም። ከዚያም መኪና አይነዱ፣ አንዲትም ቢቀምሱ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው። ከተሠራሁ 6 ወር ሆነኝ። የባለቤቴ ቤተሰቦች «አሁንማ ቀጠንሽ፣ ልጁስ?» እያሉኝ ነው። ብሞክር ችግር አለው?

መልስ፦ ትንሽ ይቆይ፣ የኔ ቆንጆ። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅን ነው፤ አሁን ሰውነትሽ በፍጥነት እየቀነሰ ነው፣ ለሁለት የሚበቃ ብረትና ቪታሚን የለውም። ልብ በዪ፦ ስትቀንሺ የወር አበባሽ ሊስተካከልና ማርገዝ ከድሮው ሊቀልልሽ ይችላል። የተሠራሽው ባይፓስ ከሆነ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ በማህፀን የሚቀመጠውን ወይም በክንድ የሚቀበረውን ጠይቂ።

ምናልባት አርግዘሽ ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ፤ በዚህ ጊዜ አርግዘው በሰላም የወለዱ ብዙ ናቸው። ወዲያው የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ፎሊክ አሲዱን ጀምሪ፣ ደምሽን በየሦስት ወሩ ያዩልሽ። በስድስተኛው ወር ግድም ለስኳር ምርመራ የሚሰጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ከመጠጣትሽ በፊት ጨጓራሽ የተሠራ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ያ ፈሳሽ ሊያዞርሽና ሊጥልሽ ይችላል፣ በምትኩ ጣትሽን እየወጉ ለተወሰኑ ቀናት መለካት ይቻላል።